ያውቁ ኖሯል? ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ስንት ሽቦ ይፈልጋሉ?

ካልኩሌተርና በእጅ የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ በርክተዋል። ስክሪኑ ተሠርቶ ይገዛል፤ ባትሪውም ይገዛል፤ ሥራውን የሚመራው ማይክሮኮንትሮለር እንኳ በጥቂት ዶላር ይገኛል። አሳቢውን የሚያስጨንቀው ኪቦርዱ ነው። ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ተቀምጦ በሀሁ የሚጽፍ መሣሪያ ልሥራ ያለ ተማሪ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ይመስለዋል። እውን እጥፍ ነው? እስቲ እንቁጠር።

ቁልፉና ሽቦው

◆ ከሀ እስከ ፐ 33 የፊደል ዘሮች አሉ። እያንዳንዱ ዘር ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ድምፅ አለው። ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃሎቹ እነ ሏ እና ቋ፣ የ«ቨ» ቤተሰብ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም።

◆ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁልፍ እንስጥ ብንል፣ 231 ቁልፎች በ21 ዓምድና በ11 ረድፍ ልክ ይገጥማሉ። በተለመደው የኮምፒዩተር ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት ኪቦርዱ 40 ሴንቲ ሜትር በ21 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ኪስ ቀርቶ ጉልበት ላይም በግድ ነው።

◆ ኪቦርድ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ይደረደራሉ። ማይክሮኮንትሮለሩ በአንዱ ረድፍ መብራት ይልክና «በየትኛው ዓምድ ወጣ?» ብሎ ያያል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ያልፋል። ይህን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋግመው ጣት አያመልጠውም። በዚህ ዘዴ 16 ቁልፎች በ8 ሽቦ ብቻ ይሠራሉ፤ 4 ለረድፉ፣ 4 ለዓምዱ።

◆ ይህ አደራደር ፊደል ቆጥሮ ላደገ ሰው አዲስ አይደለም። ፊደል ገበታው ራሱ 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው የሽቦ ንድፍ ነው። ገበታውን እንዳለ ወደ ኪቦርድ ብንለውጠው ለ231 ቁልፎች የሚያስፈልገው 40 ሽቦ ነው።

◆ ዘዴው ከዚህም ይጠብባል። ቁልፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ከመስጠት ለእያንዳንዱ ረድፍና ለእያንዳንዱ ዓምድ መስጠት ይቻላል፤ 33 የዘር ቁልፎችና 7 የድምፅ ቁልፎች፣ በድምሩ 40። «ለ»ን ነክቶ «ሳብዕ»ን ሲነኩ «ሎ» ይወጣል። እነዚህ 40 ቁልፎች 5 በ8 ሆነው ሲደረደሩ 13 ሽቦ ይበቃቸዋል። የቁልፎቹ ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰሌዳው 8 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ነው። መዳፍ ላይ ያርፋል፤ በሁለት አውራ ጣት ይጻፍበታል።

◆ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በ4 ዶላር ለገበያ የቀረበው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ለሠሪው የተተዉ 26 እግሮች አሉት። 13ቱን ለረድፍ፣ 13ቱን ለዓምድ ቢሰጡ ከ169 ቁልፍ በላይ አይሸከምም፤ ለ231 አይደርስም። በሁለት ጭነት ከሆነ ግን ኪቦርዱ 13 እግር ወስዶ ሌላ 13 ለስክሪኑና ለድምፁ ይተርፋል።

ከጽሕፈት መኪና እስከ ስልክ

◆ 44 ቁልፍ ያለው ታይፕራይተር በሺፍት እየታገዘ የሚመታው 88 ምልክት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል በትልቁም በትንሹም ተጽፎ ቦታ ይተርፈዋል። ግዕዝ ግን ግማሹን እንኳ አይጨርስም ነበር።

◆ መፍትሔውን ከቀደሙት መካከል ኢንጂነር አያና ብሩ አንዱ ናቸው። በ1920ዎቹ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ይዘው ብቅ አሉ። የአማርኛ መኪናዎች የተመሠረቱበት ሐሳብ ፊደልን በሙሉ ከመቅረጽ ይልቅ ዋናውን ቅርጽ አንዴ መትቶ እግሩን፣ ቀለበቱን ወይም ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ መጨመር ነው። ቅጥያው ሲመታ ወረቀቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም።

◆ ዋጋም አስከፍሏል። የፊደላችን ቅጥያ ለሁሉም አንድ ቦታ ላይ አይውልም። የ«ሉ» እና የ«ሩ» ካዕብ አይመሳሰልም፤ ሳድስማ ሕግ አይገዛውም፤ «ብ»፣ «ር» እና «ን» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ በታይፕ የተመታ የድሮ ደብዳቤ ላይ ቅጥያው ከፊደሉ ተላቆ፣ ወይም ገብቶ ተነባብሮ ይታያል። የጣሊያኑ ኦሊቬቲ የአማርኛ ቁልፍ ያላቸውን መኪናዎች ሠርቶ ለቢሮዎቻችን አቅርቧል፤ የቅርጹ ጣጣ ግን አብሮ ዘልቋል።

◆ ዛሬ በኪቦርድ ሁለት ቁልፍ ስንነካ የምናደርገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀት ላይ የሚገጣጠም ቅርጽ የለም። ቁልፎቹ የሚነግሩት ረድፉንና ዓምዱን ነው፤ «ሎ» ግን አስቀድሞ ሙሉ ሆኖ የተሣለ ፊደል ነው። የታይፕራይተሩ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ያነሰው ማስታወሻ የሚይዝበት ሆድ ነው።

◆ ኮምፒዩተር ሲመጣም ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የዘመኑ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር። 231ዱ ፊደል ከእነዲቃሎቹ፣ ከእነቁጥሮቹና ከእነነጥቦቹ ከእንግሊዝኛው ጋር በአንድ ፎንት አልገባ አለ። አንዳንድ ሠሪዎች ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

◆ በአሜሪካ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምረው ግዕዝን በኮምፒዩተር ሲጽፉ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። የግዕዝ ፊደላትን በቁልፍ ስለማስገባት ያቀረቡት ዘዴም እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፓተንት አግኝቷል።

◆ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አወጡ። ግዕዝን በተራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ በድምፁ መጻፊያ ነው። «ኢትዮጵያ» በዚህ ሥርዓት ሰባት ቁልፍ ይጠይቃል፤ ት እና ጵ ሳድስ ስለሆኑ አናባቢ አይጠሩም፤ ተነባቢው ብቻ ይበቃል። «ጵ» የሚጻፈው ደግሞ በትልቁ ፒ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን በኮምፒዩተር የምንጽፍበት መንገድ የዚህ ዘመድ ነው።

◆ ባለ 12 ቁልፍ ስልክ ላይ 33ቱን ዘሮች በ11 ቁልፍ ብናከፋፍል ለአንዱ ቁልፍ 3 ዘር ይደርሰዋል። እየደጋገሙ በመጫን ብቻ ቢሆን አንድን ፊደል ለማግኘት በክፉ ቀን 3 ጊዜ ለዘሩ፣ 7 ጊዜ ለድምፁ መጫን ይመጣል። «ደህና ነኝ» ብሎ ለመላክ እንዲህ ከሚደክም ያንኑ በላቲን ጽፎ መገላገል ለምን እንደተለመደ ይህ ስሌት ይናገራል።

◆ ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። «ሀ» 4608 ናት፤ «ለ» 4616፣ «መ» 4632። ሁሉም በ8 ይካፈላሉ! ለእያንዳንዱ ዘር 8 ተከታታይ ቦታ ተመድቦለታልና፤ 7ቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት።

◆ ይህ ለቤት ውስጥ ሠሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ፕሮግራሙ የ231 ፊደል ዝርዝር መያዝ የለበትም፤ መደመር ከቻለ በቃው። የዘሩን ቁጥር ይወስዳል፤ ለግዕዝ 0፣ ለካዕብ 1፣ ለሳብዕ 6 ይጨምራል። 4616 ሲደመር 6፣ 4622፤ እሱም «ሎ» ነው።

◆ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው የግዕዝ ፎንት ስሙ «ኒያላ» ነው፤ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ በምትገኘው እንስሳ የተሰየመ።

ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ

◆ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ያሉባቸውን የሦስቱን አገሮች ስም በ40 ቁልፉ ሰሌዳ እንጻፍ። ቁልፉ ሲነካ በቅድሚያ የሚወጣው ግዕዙ ከሆነ፣ ሌላው ድምፅ ሁሉ ሁለት ጭነት ይፈልጋል፤ «ጋይንት» 8፣ «ስማዳ» 6፣ «እስቴ» 6፤ ድምሩ 20። በቅድሚያ የሚወጣው ሳድሱ እንዲሆን ብናደርግስ? «ጋይንት» 5፣ «ስማዳ» 5፣ «እስቴ» 4፤ ድምሩ 14። አንድ ሽቦ ሳይነካ ከአሥር ጭነት ሦስቱ ቀረ። አማርኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚደጋግመው ሳድስን ስለሆነ ትርፉ በረጅም ጽሑፍም ይቀጥላል።

◆ ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የምትታወቀው በሁለት ታላላቅ ጉባኤያት ነው። ቤተ ልሔም የዜማው መጽሐፍ የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ድጓውን በየትም ይማር፣ ተማሪው መምህር ለመባል የሚወጣው ቤተ ልሔም ነው። ይህ ከኪቦርድ ጋር ምን አገናኘው? ቀጣዮቹን ያንብቡ።

◆ ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉ የዜማ ምልክቶች አሉ፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቁርጥ… የምልክቶቹን ሥርዓት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳወጡት ይነገራል።

◆ ከእነዚህ ምልክቶች ዐሥሩ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የዩኒኮድ 4.1 እትም የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል፤ ከ5008 እስከ 5017። «አጭር ርክርክ» እና «ደረት ሂደት» ሳይቀሩ በስማቸው ተመዝግበዋል። የቤተ ልሔም ተማሪ በቀለምና በብርዕ የሚጽፈው ምልክት ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ ባለ ኮምፒዩተር ሁሉ አንድ ዓይነት መታወቂያ አለው ማለት ነው።

◆ ታዲያ ድጓ መጻፍ የሚችል የእጅ ኮምፒዩተር ስንት ቁልፍ ይፈልጋል? 40ው ላይ 10 ሲጨመር 50። 7 በ8 ሰሌዳ 56 ቦታ ስላለው 15 ሽቦ ይበቃዋል፤ 6 ቁልፎችም ለነጥብና ለማጥፊያ ይተርፋሉ። ዐሥሩን የዜማ ምልክቶች ለማስገባት የተጨመረው ሁለት ሽቦ ነው።

◆ በዚያው በ2005ቱ እትም ፊደል ጠብቆ እንዲነበብ ከላዩ የሚቀመጠው ምልክትም ገብቷል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል»። ብዙ ኪቦርዶች ለዚህ ቁልፍ አይሰጡም፤ የራስዎን ከሠሩ ግን የሚከለክልዎ የለም።

◆ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የስማዳ ቆላ ደግሞ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ይወርዳል። ይህን ሠሪው ሊያውቀው ይገባል፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ ውርጭ በጣለበት ሌሊት ቻርጅ አይሰኩትም። ለቆላው አቧራ ደግሞ ክፍተት የሌለው፣ ከላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ኪቦርድ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ርካሹ የእንግሊዝ የቤት ኮምፒዩተር ዜድኤክስ 80 ኪቦርዱ እንዲህ ያለ ነበር፤ ቁልፎቹ ከፍ አይሉም ዝቅ አይሉም፣ ሥዕል ብቻ ናቸው።

ካልኩሌተር በግዕዝ ቁጥር

◆ የግዕዝ ቁጥሮች 20 ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ዜሮ የለም። 20 ቁልፍ በ4 ረድፍና በ5 ዓምድ ይቀመጣል፤ ሽቦው 9 ነው።

◆ ቁልፉ ቢበዛም ጭነቱ አንዳንዴ ያንሳል። 100 ለመጻፍ በተራው ካልኩሌተር 3 ጊዜ ይጫናሉ፤ በግዕዝ ፻ አንዴ ነው። 10000 አምስት ጭነት፣ ፼ ግን አንድ። 2018 እና ፳፻፲፰ እኩል ናቸው፤ አራት አራት።

◆ እ.ኤ.አ. በ1972 ሂውሌት ፓካርድ ለመሐንዲሶች ያቀረበው የኪስ ካልኩሌተር ኤች ፒ 35 ይባላል። ቁጥሩ የሞዴል ተራ አይደለም፤ የቁልፎቹ ብዛት ነው። ዋጋው 395 ዶላር ነበር።

◆ ካልኩሌተር ላይ ከላይ ያሉት 7፣ 8፣ 9 ሲሆኑ ስልክ ላይ 1፣ 2፣ 3 ናቸው። ካልኩሌተሩ የቀድሞውን የመደመሪያ መኪና ወረሰ። የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ግን ለስልኩ ልዩ ልዩ አደራደሮችን በሰዎች ላይ ሞክሮ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተመ፤ ባለ ቁልፉ ስልክም በኅዳር 1963 ለደንበኞች ቀረበ። የእጅ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል።

◆ የፋሲካ ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ለካልኩሌተር የተመቸ ስሌት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ፤ በ19 ይገድፋሉ፤ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል። ወንበሩን በ11 አብዝተው በ30 ሲገድፉት የቀረው አበቅቴ ነው፤ በ19 አብዝተው በ30 ሲገድፉት መጥቅዕ። ለ2018 ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 ይወጣል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሙላታቸው የስሌቱ ማረጋገጫ ነው።

◆ እንግዲህ 20ው የግዕዝ ቁጥር፤ መደመሪያ፣ መቀነሻ፣ ማባዣ፣ ማካፈያና እኩል ይሆናል፤ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፤ ማጥፊያና ማብሪያ። ተደምሮ 30 ቁልፍ፣ 5 በ6፣ 11 ሽቦ። ከኤች ፒ 35 በአምስት ያነሰ ቁልፍ ይዞ የፋሲካን መነሻ የሚቆጥር ካልኩሌተር ማለት ነው።

መበየጃ ለጨበጠ

◆ ቁልፍ አንዴ ሲጫን ውስጡ ያለው ብረት ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል። ማይክሮኮንትሮለሩ ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱን ንጥረት እንደ አዲስ ጭነት ይቆጥረዋል፤ «ሰላም» ያሉት «ሰሰሰላላም» ይሆናል። መድኃኒቱ ዕቃ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ታግሶ ደግሞ እንዲያይ ማዘዝ ነው።

◆ በረድፍና በዓምድ በተሠራ ሰሌዳ ሦስት ቁልፎች ባንድ ጊዜ ተጭነው የአራት ማዕዘን ሦስቱን ጥግ ከያዙ፣ ማንም ያልነካው አራተኛው ጥግ የተነካ መስሎ ይነበባል። ለዚህ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንድ ዳዮድ ይበየዳል። የዘርና የድምፅ ኪቦርድ ግን ቁልፎቹ በተራ በተራ ስለሚነኩ ያለ ዳዮድም ያድራል። 40 ዳዮድ ተረፈ ማለት 80 ቦታ መበየድ ቀረ ማለት ነው።

◆ የሪሞትና የርካሽ ካልኩሌተር ቁልፍ ላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር የካርቦን ንጣፍ አለ። ቁልፉ «አልሠራ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ንጣፉ ሲያልቅ ወይም ሲቆሽሽ ነው። ከተበላሸ ሪሞት የወጣ ላስቲክ ቦርዱ ከተገጣጠመለት ለአዲስ መሣሪያ ኪቦርድ መሆን ይችላል።

◆ ብላክቤሪ ስልክ ከገበያ ከወጣ በኋላም ኪቦርዱ ሞገሱን አላጣም። በቤታቸው የእጅ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ብዙዎች የአሮጌ ብላክቤሪ ኪቦርድ ነቅለው ከራሳቸው ቦርድ ጋር ያገናኙታል። ባለ 26 ፊደሉ ቁልፍ በ«ሴራ» ዓይነት ዘዴ ግዕዝም ይጽፋል።

◆ ሽቦው በትክክል መያዙን መፈተሻው ከየኔታ ደጅ ይገኛል። «አቡጊዳሄውዞ» ገበታውን በአግድም ሳይሆን በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ በየእርምጃው ዘሩም ድምፁም ይቀየራል። ሰባቱን ፊደላት ሲጽፉ ሰባት የዘር ቁልፎችና ሰባቱም የድምፅ ቁልፎች ተፈተሹ። አንዷ ፊደል ስታ ብትወጣ የተላቀቀው ሽቦ የት እንዳለ ጠቆመች። አቡጊዳው እስከ መጨረሻው ሲዘለቅ ያልተነካ ዘር አይቀርም።

◆ በ1940ዎቹ ፊደልን ስለማሻሻል ብዙ ተጽፏል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር» መግቢያ ላይ ስለ ፊደላችን ሐሳባቸውን አስፍረዋል። ከክርክሩ መነሻዎች አንዱ ፊደሉ ለማተሚያና ለጽሕፈት መኪና ይበዛል የሚለው ነበር። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ድምፃቸው ስለተደገመ ይቅሩ ቢባል 28 ዘሮች ይቀራሉ። ከ7ቱ የድምፅ ቁልፎች ጋር 35 ይሆናሉ፤ 5 በ7፣ 12 ሽቦ። ሙሉው ፊደል 13 ነበር። አምስቱን ዘሮች ከእነ ሠላሳ አምስት ፊደላቸው አስወጥቶ ሠሪው የሚያተርፈው አንድ ሽቦ ነው።